ጅምር የበዛበት ቤት፦ የ12 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ከመጀመሬ በፊት

የጀርባ ቦርሳ እንሰፋለን። ስምንት ሠራተኞች አሉን። ሁለት ቆራጮች፣ ሦስት ሰፊዎች፣ ማንገቻ የሚገጥሙ አንዲት እናት፣ አንድ የማጠናቀቂያ ሠራተኛ እና አንድ የእቃ ክፍል ኃላፊ። እኔ ደግሞ ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ እገዛለሁ፣ እከፍላለሁ።

ትዕዛዝ አልጠፋም። ሰው አልሰነፈም። ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ደፋ ቀና ሲል ይውላል። ግን ወር በመጣ ቁጥር ለደመወዝ እጅ ያጥረኛል። የሂሳብ ባለሙያችን "አትርፋችኋል" ይለኛል። ካዝናው ውስጥ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ለሦስት ዓመት "ሽያጭ ሲጨምር ይስተካከላል" ስል ኖሬያለሁ። ሽያጭ ጨመረ። ጭንቀቱም አብሮ ጨመረ።

ስለዚህ ለ12 ሳምንት አዲስ ደንበኛ መፈለግ አቁሜ ቤቱን ልመረምር ነው። ያየሁትን በየሳምንቱ እጽፋለሁ። ያልሠራውንም ጭምር።

ሳምንት 1

የመጀመሪያው ሥራ የራሴን ኪስ ከድርጅቱ ኪስ መለየት ነው። ሲቸግረኝ ከመሳቢያው እወስዳለሁ፣ ሲጎድል ከኪሴ እሞላለሁ። በዚህ ሳምንት የወሰድኩትን ሁሉ ጻፍኩ። 31 ጊዜ እጄን መሳቢያው ውስጥ አስገብቻለሁ። 12ቱ የቤቴ ጉዳይ ነበር። ገንዘቡ ትልቅ አይደለም። ግን እንዲህ እየሆነ የትኛውም ቁጥር ሊታመን አይችልም።

የተለየ የባንክ ሂሳብ ከፈትኩ። ለራሴም ደመወዝ ቆረጥኩ። መጠኑን ያወጣሁት "የእኔን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ብቀጥር ስንት እከፍለው ነበር?" ብዬ ነው። ያ ደመወዝ ሲቀነስ ትርፍ ከምንለው ሲሶው ጠፋ። ለካ ትርፍ አልነበረም። ያልተከፈለ የእኔ ጉልበት ነበር።

ሌላው የማታ ደብተር ነው። አንድ ገጽ ብቻ። በእጅ ያለ ገንዘብ፣ ሰው ያለበት የእኛ ገንዘብ፣ እኛ ያለብን ዕዳ፣ የገባ እቃ። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ፤ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ። የቬኒስ ነጋዴዎች ይህን መንገድ ቀድሞም ይሠሩበት ነበር። ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1494 በሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ አሳተመው። እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም። በቀን 15 ደቂቃ ይወስድብኛል። ሦስተኛው ቀን ላይ ሁለት ጊዜ የተከፈለ የክር ሂሳብ አገኘሁ።

ሳምንት 2

ዋጋ እንዴት እንደማወጣ ተመለከትኩ። ወጪው ላይ 25 በመቶ ጨምሬ እሸጣለሁ። "ትርፌ 25 በመቶ ነው" እል ነበር። አይደለም። ወጪውን 100 ብንል የምሸጠው በ125 ነው። 25 ለ125 ሲካፈል 20 በመቶ ነው።

የባሰው ቅናሹ ነው። ደንበኛ ሲከራከረኝ 10 በመቶ እቀንሳለሁ። የ125 አስር በመቶ 12.5 ነው። የቀረኝም 12.5። በአንድ ፈገግታ የትርፌን ግማሽ ሰጥቼ ሳመሰግን ኖሬያለሁ።

ወጪ የምለው ደግሞ ሸራው፣ ገበሩ፣ ዚፑ፣ ክሩና የእጅ ዋጋው ብቻ ነበር። ኪራይና ቋሚ ደመወዝ አልገቡበትም። እነሱን ለብቻ ደምሬ፣ አንድ ቦርሳ ተለዋዋጭ ወጪውን፣ ማለትም የሸራውን፣ የክሩን፣ የእጅ ዋጋውንና የመሳሰለውን፣ ከፍሎ ለሚያተርፈው አካፈልኩት። 470 ወጣ። በወር የመጀመሪያዎቹ 470 ቦርሳዎች ለቤቱ ወጪ ነው የሚሰፉት። በቀን በአማካይ 24 ቦርሳ ስለምናስረክብ ይህ እስከ 20ኛው የሥራ ቀን ያደርሰናል። የወሩ ትርፍ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሠራተኞቹ ዙሪያውን ቆመው አነበቡት። ከዚያ በፊት ማንም እንዲህ ነግሯቸው አያውቅም።

ሳምንት 3

ቆጠራ። ቅዳሜ ከሰዓት በር ዘግተን ተቆርጦ ያላለቀውን ቦርሳ ሁሉ ቆጠርን። እኔ 150 ገደማ ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። 432 ሆነ።

ተቆርጦ ስፌት የሚጠብቅ 60። አካሉ ተሰፍቶ ማንገቻ የሚጠብቅ 290። ማንገቻው ገብቶ ማጠናቀቂያ የሚጠብቅ 82። ጥግ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ በረንዳው ላይ ሳይቀር ተከምሯል።

ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው አንድ ቀላል ሕግ አለ። በሂደት ላይ ያለውን ሥራ በቀን ለሚጠናቀቀው ብታካፍለው፣ አንድ ሥራ ከገባ በኋላ በአማካይ በስንት ቀን እንደሚወጣ ይነግርሃል። ለባንክ ሰልፍም፣ ለሆስፒታል ወረፋም፣ ለእኛም ይሠራል። 432 ለ24፣ 18 ቀን።

እኔ ለደንበኛ የምናገረው "በ10 ቀን" ነው። ሰው ሰነፈ፣ መብራት ሄደ፣ ዚፕ ዘገየ እያልኩ ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በ10 ቀን ሊደርስ የማይችል ነገር ነበር ቃል የምገባው። ሠራተኞቹን የተቆጣሁባቸው ቀናት ትዝ አሉኝና አፈርኩ።

ገንዘቡም የት እንደገባ አሁን ታወቀ። ሸራው ተገዝቷል፣ የመቁረጫውና የስፌቱ ዋጋ ተከፍሏል፣ ቦርሳው ግን አልተሸጠም። የሂሳብ ባለሙያው አልዋሸኝም። ትርፉ አለ። ጅምር ሆኖ ወለል ላይ ተቀምጧል።

ሳምንት 4

290ው የተከመረው ማንገቻ መግጠሚያው ጋ ነው። ወፍራሙን ስፌት የሚችል አንድ መኪና ብቻ አለን። የሚሠሩበት ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። "እትዬ ዘገዩ" ሲባል እሰማ ነበር። እኔም ብዬ ይሆናል።

የቶዮታው ታይቺ ኦኖ ወለል ላይ በጠመኔ ክብ እየሠራ፣ ኃላፊዎቹን እዚያ ውስጥ አቁሞ ሥራውን እንዲመለከቱ ያደርግ ነበር ይባላል። እኔ በርጩማ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪናው አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰዓት ያዝኩ።

ከምሳ ውጭ ያለው የሥራ ጊዜ 480 ደቂቃ ነው። መኪናው የሰፋው 264 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ቦርሳ 11 ደቂቃ ይፈጃል። 264 ለ11፣ 24። የቤቱ ሁሉ የቀን ምርት እዚያ አንድ ወንበር ላይ ተወስኖ ነበር። የቀረው 216 ደቂቃ የት ሄደ? እስሩን፣ ማለትም አንድ ላይ የታሰረውን የቦርሳ አካል፣ ከክምሩ ለማምጣት 70። ክርና መርፌ ፍለጋ 48። ተጣሞ የተሰፋ አካል ፈትቶ ለማስተካከል 55። የቀረው 43 ደቂቃ እረፍት ነው፣ እሱ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ቀን ላይ ለአራተኛ ጊዜ ሲነሱ ለምን እንደሚነሱ ጠየቅኳቸው። "ልጄ፣ ክሩን ማን ያመጣልኛል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በቤቱ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጥ ዋጋ ያለው ሰዓት የእሳቸው ነው። እኛ ግን በዚያ ሰዓት እንደ ተላላኪ ስናመላልሳቸው ኖረናል።

ከማግስቱ ጀምሮ አንደኛው ቆራጭ እስሩን እያመጣ በቀኝ እጃቸው በኩል ያስቀምጣል። ክር ጠዋት ለቀኑ የሚበቃ ይቀርባል። የተጣመ አካል ወደ መኪናቸው ከመምጣቱ በፊት ተለይቶ ወደ ሰፊው ይመለሳል። በሳምንቱ መጨረሻ መኪናው 330 ደቂቃ ሠራ። 30 ቦርሳ። አዲስ መኪና አልገዛንም። እትዬም ከበፊቱ በላይ አልቸኮሉም።

ሳምንት 5

ከሁሉ የከበደኝ ሳምንት። ጅምሩ ወደ 240 እስኪወርድ ድረስ መቁረጥ አቆምን።

ለ20 ቦርሳ አንድ፣ በድምሩ 12 ካርዶች አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ እስር ካርድ ይዞ ይሄዳል። ያለቀው ሲረከብ ካርዱ ወደ ቆራጮቹ ይመለሳል። ካርድ ከሌለ መቁረጥ የለም። ጃፓኖቹ ካንባን የሚሉት ነው።

በሦስተኛው ቀን የተቆረጠው አለቀና ሰፊዎቹም ሥራ ፈቱ። ቤቱ ጸጥ አለ። የማውቀው ጫጫታ ሲጠፋ ፈራሁ። ደመወዝ እየከፈልኩ ሰው ቁጭ ብሎ ማየት ያንገበግባል። ሁለት ጊዜ "በቃ ቁረጡ" ልል ነበር። አፌን ያዝኩ። አንዷ ሰፊ እትዬ ጋ ተቀምጣ ማንገቻ መግጠም መማር ጀመረች። ሌሎቹ ማጠናቀቂያውን አገዙ። በየቀኑ ግን ከበሩ 30 ቦርሳ ይወጣ ነበር። ሳምንቱ አልበቃንም፤ በሰባተኛው የሥራ ቀን 240 ደረስን።

ከዚያ ሕጉን ራሴ ጣስኩት። ትልቁ ደንበኛችን ሐሙስ ደውሎ 40 ቦርሳ በአስቸኳይ ፈለገ። ካርድ የሌላቸው ሁለት እስሮች በጎን አስገባሁ። የእሱን በሰዓቱ አደረስን። የሌሎች ሁለት ደንበኞች ትዕዛዝ ግን አደረ፤ አንደኛው ትዕዛዙን ሰረዘ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኸው ነው። ከአሁን በኋላ አስቸኳይ ከመጣ ሌላው ወጥቶ ነው የሚገባው። የማን ትዕዛዝ እንደሚወጣም ለዚያ ሰው አስቀድሜ እኔው ደውዬ እናገራለሁ። ያንን ስልክ መደወል ከባድ ስለሆነ፣ አስቸኳይ ነው የሚባለው ነገር በእርግጥ አስቸኳይ መሆኑን እንድጠይቅ ያስገድደኛል።

ሳምንት 6

ለምንድነው ያን ያህል ጅምር የተከመረው? ቆራጮቹን ጠየቅኳቸው። አንደኛው ትክክለኛውን ነገር ነገረኝ። "የምትከፍሉን በቆረጥነው ልክ ነው።"

ክፍያውን የወሰንኩት እኔ ነኝ። ብዙ እንዲቆርጡ ከፈልኳቸው፣ ብዙ ቆረጡ። ሰው በምን እንደሚከፈለው አይቶ ነው የሚሠራው፣ በስብሰባ ላይ ምን እንደተባለ አይቶ አይደለም። ከዚህ ወር ጀምሮ ቋሚ ደመወዙ ከቀድሞ አማካይ ገቢያቸው እንዳያንስ አድርገን፣ ጉርሻው ለሁሉም እኩል በተረከበ ቦርሳ ልክ ሆነ። ተመላሽ የሆነ አይቆጠርም። አንዱ ሰፊ ፈጣን ስለሆነ ተከፋ። ቅሬታው እውነት አለው። ገና መፍትሔ አላገኘሁለትም።

ሳምንት 7

እቃ ክፍል። አጭር ነው። በየሸራው ጥቅል ላይ ቢን ካርድ ሰቀልን። የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ለእያንዳንዱም "እዚህ ሲደርስ ግዛ" የሚል መጠን። አወሳሰኑ ቀላል ነው። የቀን ፍጆታ አቅራቢው ለማድረስ በሚፈጅበት ቀን ይባዛል፣ ለክፉ ቀን ትንሽ ይጨመራል። ማንም የማይጠይቀው ቀለም 11 ጥቅል ተገኘ። "በርካሽ ነው ያገኘነው" ብዬ የገዛሁት ነው። በኪሳራ ሸጥኩት። ቦታውም ገንዘቡም ተለቀቀ።

ሳምንት 8

ከ200 ቦርሳ ትዕዛዝ 14ቱ ተመለሱ። ማንገቻቸው ተነቅሏል። ሰባት በመቶ ነው። የመጀመሪያ ስሜቴ ማን እንደሰፋው ማወቅ ነበር። ግን መጀመሪያ "ለምን" ማለት አለብኝ።

ማንገቻው ለምን ተነቀለ? ስፌቱ ዘሏል። ለምን ዘለለ? መርፌው ደንዝዟል። ለምን አልተቀየረም? የሚቀየረው ሲሰበር ብቻ ነው። ለምን? መርፌ እንደልብ አይገኝም። ለምን? እኔ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ "ይባክናል" ብዬ። እኔ ስወጣ ቁልፉም አብሮኝ ይወጣል።

እዚያ ላይ ቆምኩ። ስለ ጥራት አጥብቆ ያስተማረው ኤድዋርድስ ዴሚንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ለጃፓን ኢንዱስትሪ ኃላፊዎች ትምህርት የሰጠው ሰው፣ አብዛኛው ጉድለት ከሠራተኛው ሳይሆን ከአሠራሩ እንደሚመጣ፣ አሠራሩን መለወጥም የኃላፊው ድርሻ እንደሆነ ሲናገር ኖሯል። ቀድሞም አንብቤው ነበር። የመርፌ ቁልፉ በእጄ እያለ ግን አልገባኝም ነበር።

መርፌዎቹ አሁን በመኪናው አጠገብ ክፍት ሳጥን ውስጥ ናቸው። በየጠዋቱ ይቀየራሉ። የአንድ ሳጥን መርፌ ዋጋ ከአንድ ቦርሳ ዋጋ አይደርስም። ሠራተኞቹን ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የተበላሸ ነገር ሲኖር ቀድመው ይነግሩኛል። ድሮ ይደብቁ ነበር።

ሳምንት 9

ዱቤ። ትልቁ ደንበኛ ከሽያጫችን 46 በመቶውን ይይዛል። ከሁሉ ዘግይቶ የሚከፍለውም እሱ ነው። ልከራከር ተዘጋጅቼ ሂሳብ ክፍላቸው ሄድኩ። ኃላፊዋ መዝገቧን አሳየችኝ። የክፍያ መጠየቂያችን የሚደርሳቸው እቃው ከደረሰ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። እኔ መጠየቂያውን ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምጽፍ፣ አንዳንዴም ቅዳሜው ስለሚያልፈኝ ነው። እሷ የምትቆጥረው መጠየቂያው ከደረሳት ቀን ጀምሮ ነው። ልክ ናት።

አሁን መጠየቂያው ከእቃው ጋር አንድ መኪና ላይ ይወጣል። አዲስ ትዕዛዝ 40 በመቶ ቀብድ ይከፈልበታል። ቀብድ አልከፍልም ብሎ አንድ ደንበኛ ሄደ። ደብተሩን ሳየው የሁለት ትዕዛዝ ዕዳ ያልዘጋ ሰው ነው። ሌሎቹ ሳይከራከሩ ከፈሉ። ሦስት ዓመት ለመጠየቅ ያፈርኩት ነገር ነው።

ሳምንት 10

የማንገቻ መኪናው ተበላሸ። ቀበቶው ተበጠሰ። መለዋወጫው ስላልነበረን ቀን ተኩል ቆምን፤ 45 ቦርሳ ማለት ነው። ሌላ መኪና ቢቆም ኖሮ ማንም ባላወቀ። የዚህ መኪና ሰዓት ግን የሁላችን ሰዓት ነው። ሁለት ቀበቶና ሌሎች ቶሎ የሚያልቁ ክፍሎች ገዝቼ መኪናው ሥር አስቀመጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ይጠጣል፣ ይጸዳል።

ሳምንት 11

ስልኬን ዘግቼ ሁለት ቀን ቀረሁ። ስመለስ ዘጠኝ ጉዳዮች ይጠብቁኝ ነበር። ስድስቱን እኔ ሳልኖር መወሰን ይቻል ነበር። ዚፕ ከሌላ አቅራቢ መግዛት፣ የተበላሸ ቦርሳ መቀየር፣ እንደዚህ ያለ። የእቃ ክፍሉን ኃላፊ ጋሼን ለምን ራሳቸው እንዳልወሰኑ ጠየቅኳቸው። "ባለፈው ወስኜ ተቆጥተኸኝ ነበር" አሉኝ። አስታወስኩት። በውሳኔያቸው ስህተት አልነበረም፣ ሳይነግሩኝ በመወሰናቸው ነው የተቆጣሁት።

ማን ምን እንደሚወስን በአንድ ገጽ ጻፍን። እስከዚህ ወጪ ድረስ ጋሼ። ተመላሽ ቦርሳን የማጠናቀቂያ ሠራተኛዋ፣ ያለ ጥያቄ ትቀይራለች። ዋጋ፣ ቅናሽና ቅጥር እኔ። በእነሱ ክልል የወሰኑትን ብቃወመው እንኳ የምናገረው ለብቻቸው እና ለሚቀጥለው ጊዜ ነው። ይህን ሐረግ ጋሼ ናቸው ያስጻፉት።

ሳምንት 12

ቅዳሜ እንደገና ቆጠርን። ካርዶቹን ከ12 ወደ 9 አውርደናል። ጅምሩ 180፣ የቀን ምርት 30፣ ስድስት ቀን። ለደንበኛ ስምንት ቀን እላለሁ። ባለፉት ሦስት ሳምንታት አንድ ትዕዛዝ ብቻ አድሯል፣ እሱም ቀበቶው የተበጠሰ ጊዜ ነው።

ገንዘቡ ከእጃችን ወጥቶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ቀንም ሠራሁ። ድሮ እቃ ክፍል 34፣ ሥራ ላይ 18፣ አልቆ እስኪወጣ 6፣ ደንበኛ ጋ 38። አቅራቢ የሚታገሰን 15 ሲቀነስ 81 ቀን። አሁን 25፣ 6፣ 4 እና 29፤ 15 ሲቀነስ 49 ቀን። በዚህ ወር ደመወዝ ከቀኑ አንድ ቀን ቀድሞ ተከፈለ። የቤቱን ወጪ የሚሸፍኑት 470 ቦርሳዎችም በ16ኛው ቀን አለቁ።

የፈጣኑ ሰፊ ቅሬታ አሁንም አለ። ከእሱ ጋር ሁለት ጊዜ ተነጋግረናል። ሌሎችን ሲያሠለጥን የሚከፈል ተጨማሪ ልሞክር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ተለወጠ። ዘንድሮ ማንገቻ መግጠም የተማረችው ልጅ በምሳ ሰዓት እትዬን ስለምትተካቸው መኪናው 33 ቦርሳ ሊያወጣ ይችላል። ግን ሐሙስና ዓርብ እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው ሲጠብቁ አየሁ። አካል አልደረሳቸውም። ክምሩ አሁን ዚፕ የሚገጠምበት ጋ ነው። ሰኞ ጠዋት በርጩማዬንና ሰዓቴን ይዤ እዚያ እቀመጣለሁ።